«ትንሽ ከፍለህ ዝም አስብላቸው»

ልጆቼ፣

ባለፈው መጋቢት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ደሴ ፒያሳ ሁልጊዜ ከምቀመጥባት ሻይ ቤት አንድ ልጅ መጣ። ከኮምቦልቻ ነው። የሐረጎን ዳገት በመጀመሪያው ሚኒባስ ወጥቶ፣ ቁርስ እንኳ ሳይቀምስ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ስፌት ላይ ይሠራል። ከወንድሙ ጋር ባጃጅ ለመግዛት ብድር ቢጠይቅ ባንኩ «በስምህ ያልተከፈለ ብድር አለ» ብሎ መለሰው። ብድሩ ከአንድ አነስተኛ አበዳሪ ተቋም የተወሰደ 40,000 ብር ነው፤ ከወለዱና ከቅጣቱ ጋር 61,000 አልፏል። ልጁ የተቋሙን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም።

«እና ምን አደረግህ?» አልኩት።

«2,000 ብር ከፈልኩ።»

«ላልተበደርከው?»

አንገቱን ደፋ። «አጎቴ ነው። ትንሽ ከፍለህ ዝም አስብላቸው አለኝ። አባቴ ጆሮ እንዳይደርስ ብዬ ነው ጋሼ።»

ደረሰኙን ከኪሱ አወጣ፤ በአራት የታጠፈ ነው። «ከብድር ተመላሽ» ይላል፣ ከሥሩ የራሱ ስምና ፊርማ አለ። ያቺን ወረቀት ሳይ ነው ይህን ልጽፍላችሁ ያሰብኩት።

እኔ 31 ዓመት በደሴና በኮምቦልቻ ብድር ክፍል ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በዚያ ሁሉ ዓመት ሰው በሐሰተኛ ፊርማ ሲጎዳ አይቻለሁ፤ ግን በሐሰተኛ ፊርማ ከተጎዳው ይልቅ በእፍረት የተጎዳው ይበዛል። የማያውቀው ዕዳ ሲመጣበት አንዱ ስልኩን ዘግቶ ይደበቃል፤ ሌላው እንደዚህ ልጅ ትንሽ ከፍሎ ሰላም ሊገዛ ይሞክራል። ከሁለቱ የቱ እንደሚብስ ብትጠይቁኝ ሁለተኛው ነው እላለሁ። የተደበቀው ቢያንስ «አምኛለሁ» አላለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከውል የሚመነጭ ጥያቄ በመደበኛው በ10 ዓመት ይርጋ፣ ማለትም በክስ ማቅረቢያ የጊዜ ገደብ፣ ይታገዳል፤ ቁጥር 1845። ቁጥር 1851 ደግሞ ባለዕዳው ዕዳውን ካመነ፣ በተለይ ወለድ ወይም ከዕዳው ከፊሉን ከከፈለ፣ ይርጋው ተቋርጦ እንደገና ከዜሮ ይቆጠራል ይላል። ይርጋውን ተዉት፤ ዳኛ ፊት ቆማችሁ «ይህን ብድር አላውቀውም» ስትሉ የአበዳሪው ጠበቃ የሚያነሣት የመጀመሪያ ወረቀት ያቺ የ2,000 ብር ደረሰኝ ናት። «ካላወቀው ለምን ከፈለ?» አለቀ። እኔም በደጉ ዘመን ከተበዳሪ ጋር ስከራከር የምፈልገው እንደዚያ ያለውን ወረቀት ነበር።

ስለዚህ ልጁን መጀመሪያ ያስጻፍኩት ደብዳቤ ነው። በስልክ የተባለ ነገር ሁሉ አየር ላይ ነው የሚቀረው። ደብዳቤው ግማሽ ገጽ አይሞላም፦ በስሜ ተመዝግቧል የተባለውን ብድር አላውቀውም፣ አልፈረምኩም፤ በዚህ ቀን የከፈልኩት 2,000 ብርም ተደናግጬ እንጂ ዕዳውን አምኜ አይደለም፤ የብድር ውሉ፣ አብሮ የተያያዘው መታወቂያ፣ ገንዘቡ ወጪ የሆነበት ሰነድና የክፍያው ዝርዝር ቅጂ ይሰጠኝ። በሁለት ቅጂ። ከዚያ መዝገብ ቤት። ልጆቼ፣ ቢሮ ስትሄዱ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት አስቀምጣችሁ አትውጡ። መዝገብ ቤት ግቡ፣ አንዱን ስጡ፣ በእጃችሁ በሚቀረው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፉ፣ ማኅተም አስመቱበት። «ግዴለም፣ ደርሶናል» ቢሏችሁም ቁሙ። ያቺ የገቢ ቁጥር ከሌለች ደብዳቤያችሁ አልተጻፈም ማለት ነው።

ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ ሁለቴ ተመላለሰ። ውሉና የመታወቂያው ቅጂ ሲሰጡት ሁለቱንም ይዞ ያቺው ሻይ ቤት መጣ። ልጁ ፊርማውን ሊያሳየኝ ይጓጓል፤ «እዩት ጋሼ፣ እኔ እንዲህ አልፈርምም» ይላል። እኔ መጀመሪያ ቀኖቹን ነው የማየው። ፊርማ ላይ ባለሙያም ይለያያል። ውሉ የተፈረመው የካቲት 2015 ነው ይላል። ከውሉ ጋር የተሰፋው የቀበሌ መታወቂያ የተሰጠበት ቀን ግን ሰኔ 2015 ነው። በየካቲት የተፈረመ ውል ላይ በሰኔ የወጣ መታወቂያ ምን ያደርጋል? ይህ ብቻውን ማጭበርበሩን አያረጋግጥም፤ ፋይሉ ኋላ ላይ እንደተሟላ ግን ያሳያል። ልጁ ዝም ብሎ ቆየና «በሰኔ አብሮኝ ቤት የተከራየ ልጅ ሲም ካርድ ላውጣበት ብሎ መታወቂያዬን ፎቶ አንሥቶት ነበር» አለ።

እዚህ ላይ አንድ ልማድ ያዙልኝ። የመታወቂያችሁን ቅጂ ለማንም ስትሰጡ መሐሉ ላይ፣ ጽሑፉን በማያጠፋ መልኩ፣ «ለሲም ካርድ ማውጫ ብቻ» ብላችሁ ቀን ጻፉበት። ለቤት ኪራይ ከሆነም እንደዚያው። አሁን ፋይዳም መጥቷል፤ 12 አኃዝ ያለው ቁጥራችሁን በቴሌግራም ለማንም አትበትኑ።

ገንዘቡ ወጪ የሆነበትን ሰነድ ያስጠየቅኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ውል ላይ ያለው ስም ምንም ይሁን፣ ብሩን የሆነ ሰው እጁን ዘርግቶ ተቀብሏል፣ ወይም የሆነ ሒሳብ ውስጥ ገብቷል። ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው።

ልሸሽጋችሁ የማይገባ ነገርም አለ። «አላውቀውም» ብሎ ወደ እኔ ከሚመጣው ሰው ብዙው ረስቶት እንጂ ያውቀዋል። በቡድን ዋስትና አምስት ሆነው ወስደው የራሱን ድርሻ ስለከፈለ ያለቀ የመሰለው፣ ለሥራ ባልደረባው የደመወዝ ዋስ የሆነውን ከዓመታት በኋላ የረሳው፣ ሶፋና ፍሪጅ በየወሩ ከደመወዝ እየተቆረጠ የወሰደ። አበዳሪውን ሌባ ከማለታችሁ በፊት ሌሊት ቁጭ ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ዕዳው የእናንተ ሆኖ የምትከራከሩት መጠኑን ከሆነ ደብዳቤያችሁም እንደዚያ ይበል፤ «ብድሩን አውቀዋለሁ፣ ቅጣቱ የተሰላበትን አሳዩኝ» ማለትና «አልፈረምኩም» ማለት ለየቅል ናቸው። ሁለቱን የቀላቀለ ሰው ችሎት ላይ ሲገረፍ አይቻለሁ።

ዋስትናን ሳነሣ የራሴ ነገር ይመጣብኛል። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። አንዲት መምህርት ለአክስቷ ልጅ ልትዋስ መጣች። ቢሮው ሰው ሞልቶት ነበር፤ ኮሪደር ላይ፣ ግድግዳ ላይ አስደግፌ፣ ወረቀቱን ፊርማው ብቻ እንዲታይ አድርጌ አጥፌ ሰጠኋት። «እዚህ ጋ ብቻ ነው እትዬ» አልኳት። መጠኑን አላየችም፤ እኔም አልነገርኳትም። ተበዳሪው አሰብ ሄዶ ቀረ። ከዚያ የእሷ ደመወዝ ነው በየወሩ ሲቆረጥ የኖረው። ሰኞ ገበያ ስንገናኝ ሰላም ትለኝ ነበር፤ እንዲያውም ልጆቼን ትጠይቀኛለች። ያ ሰላምታ እስከዛሬ ያቃጥለኛል። ክፋት አልነበረኝም፤ ወረፋው ረዝሞብኝ ነው። እናንተን የሚያስፈርማችሁ ልጅም ክፉ ላይሆን ይችላል፤ ወረፋ በዝቶበት ይሆናል። ስለዚህ ወረቀቱን ዘርጉት።

ዘርግታችሁ ምን ታያላችሁ? ዋስ ከሆናችሁ ከሁሉ በፊት መጠኑን። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 ዋስትና በግልጽ መነገር አለበት፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው መጠን ካልተገለጸም ዋስትናው አይጸናም ይላል። በአኃዝና በፊደል የተጻፈው ይመሳሰል እንደሆነ አስተያዩ። ባዶ የተተወ መስመር ካለ በእስክሪብቶ ሠርዙበት፤ አስፈራሚው ቢከፋውም ይክፋው። ማንበብ ለማይችሉ ወላጆቻችሁ ደግሞ ይህን እወቁላቸው፦ የጣት አሻራ ወረቀት ላይ ስለተነካ ብቻ አያስርም፤ ቁጥር 1728 ውሉ በሥልጣን ባለው አዋዋይ ወይም በዳኛ ፊት እንዲረጋገጥ ይጠይቃል።

ነጋዴ ለመሆን የምትፈልጉ፣ በተለይ ከጅምላ ሻጭ በዱቤ ዕቃ የምታነሡ፣ ባዶ ቼክ ፈርማችሁ «ለመያዣ» አትስጡ። የዱቤው ደብተር ላይ 30,000 ያለው ቼኩ ላይ 90,000 ሆኖ ቢመጣ ስትከራከሩ በፍትሐ ብሔር ብቻ አትቀሩም፤ ስንቅ የሌለው ቼክ፣ ማለትም ሒሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ ሳይኖር የተጻፈ ቼክ፣ ወንጀል ነው።

በስልክ የሚወሰደው ብድር ላይ ብዙ አልልም፤ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እሱ ላይ ፊርማው የሚስጥር ቁጥሩ ነው፤ ያንን ለወንድም ልጅ የሰጠች እናት ፊርማዋን ሰጥታለች። የእናቶቻችሁን ስልክ እናንተ ስታስተካክሉላቸው ቁጥሩን ራሳቸው እንዲመርጡ ፊታችሁን አዙሩ።

ስለ ደረሰኝ ግን ልቆይ። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ደሴ ስትያዝ ብዙ ሰው በለበሰው ልብስ ነው የወጣው። በኅዳር መጨረሻ ከተማው ሲመለስ ቤቱ ተበርብሯል፤ ደረሰኝ ቀርቶ በርም የለ። ቧንቧ ውኃ አካባቢ ሱቅ የነበራቸው ባልና ሚስት የከፈሉትን ሦስት ወር «አልከፈላችሁም» ተባሉ። ወረቀታቸው ተቃጥሏል፤ አበዳሪው ጋ ያለው ፋይልም ጎደሎ ነው። ሚስትየዋ አለቀሰች፤ ባልየው «አብሽሪ፣ አላህ ያውቃል» ይላታል። አላህማ ያውቃል፤ ግን ሒሳብ ሠራተኛው ማወቅ ነበረበት። ጠየቅኳቸው፦ በጥሬው ነው የከፈላችሁት? አይ፣ ከባንክ ሒሳባችን ነው ያስተላለፍነው አሉ። በቃ! ክፍያ ሁለት ጫፍ አለው። አንዱ ጫፍ ቢቃጠል ሌላው የእናንተ ባንክ ሲስተም ውስጥ አለ። ስቴትመንት አወጡ፣ ሦስቱም ወር ከነቀኑ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ለማገኘው ወጣት ሁሉ በጥሬ ገንዘብ ዕዳ አትክፈሉ እላለሁ። ዕዳው ሲያልቅም ክሊራንሱን፣ ዕዳ የለበትም የሚለውን ወረቀት፣ ሳትይዙ ከቢሮው አትውጡ፤ አበዳሪዎች መረጃውን ወደ ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ይልካሉ፣ እዚያ ሳይስተካከል የቀረ ስም ነው የልጁን ዓይነት ሰው በባጃጁ ቀን የሚይዘው።

ፋብሪካ የምትሠሩት የደመወዝ ወረቀታችሁን በየወሩ አንብቡ። የማታውቁት ተቆራጭ ካለ የሰው ኃይል ክፍልን በየትኛው ወረቀት እንደተቆረጠ ጠይቁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ያለ ሕግ፣ ያለ ኅብረት ስምምነት፣ ያለ ሥራ ደንብ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ያለ እናንተ የጽሑፍ ስምምነት ደመወዝ አይቆረጥም ይላል፤ ሲቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ከሲሶው አይበልጥም።

መጥሪያ ከመጣ አትደበቁ። ቀጠሮው ላይ ያልቀረበ ሰው ጉዳይ በሌለበት ይታያል፤ ከዚያ በኋላ እውነቱ የእናንተ ቢሆንም ሩጫው ሽቅብ ነው። ሳታውቁ ተፈርዶባችሁ ከሆነ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 78 ውሳኔውን ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ አንድ ወር ይሰጣችኋል፤ በዚያ ውስጥ በቂ ምክንያታችሁን ይዛችሁ እዚያው የፈረደው ፍርድ ቤት አመልክቱ። አንድ ወር ለቅሶና ሠርግ ሲበዛ ሳይታወቅ ነው የሚያልፈው። ፊርማችሁ ተመሳስሎ ከሆነም ፖሊስ ጋ ሂዱ፤ «ሰውየው ዘመዴ ነው፣ በሽማግሌ እንጨርሰው» የሚለው ነገር ጥሩ ነው፣ እኔም ሽማግሌ ነኝ፤ ግን ሽምግልናው የብድሩን መዝገብ አያጸዳውም። በሽማግሌም ካለቀ በጽሑፍ ይሁን።

የኮምቦልቻው ልጅ ጉዳይ ገና አላለቀም። አብሮት የተከራየው ልጅ ከከተማው ወጥቷል፣ ፖሊስ ቃል ተቀብሏል፣ ተቋሙም ጉዳዩ እስኪጣራ «ክፈል» የሚለውን ጥሪ አቁሟል። የባጃጁ ነገር ለጊዜው ቆሟል። ሐሙስ ዕለት ደወለልኝ። የገንዘቡ ወጪ ሰነድ ከመጋዘን ተገኝቷል።

«ጋሼ፣ ለፎቶ ኮፒ 30 ብር ክፈል አሉኝ» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ፍርሃት አለ። «ልክፈል ወይስ አልክፈል?»

«እሱን ክፈል» አልኩት። «ደረሰኙ ላይ ግን ‹ለፎቶ ኮፒ› ብለው ይጻፉልህ።»