ኦቲዝምና ፍራጃይል ኤክስ፦ ለጅማ ወላጆች ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። «ፍራጃይል ኤክስ ካለባቸው ወንዶች ግማሽ ያህሉ ኦቲዝም አለባቸው» የሚለው ቁጥር ቡድናችንን ስላስደነገጠ ዛሬ ጠይቁኝ። ፍራጃይል ኤክስ በኤክስ ክሮሞዞም በኩል በዘር የሚተላለፍ የአእምሮ እድገት ችግር ነው። የማስተምረው ስታቲስቲክስ ነው። የእህቴ ልጅ ፍራጃይል ኤክስ አለበት። ሐኪም ስላልሆንኩ ስለ መድኃኒት አትጠይቁኝ።

ከቆጪ፣ የ4 ዓመት ልጅ እናት፦ ልጄ ኦቲዝም ነው ተብሏል። ፍራጃይል ኤክስ የመሆን ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። ቁጥሩን ገልብጠሽ አነበብሽው። በቡና ላስረዳሽ። ከጎማ ወረዳ ከመጣው ቡና ግማሹ የታጠበ ነው እንበል። መርካቶ አንድ ጆንያ የታጠበ ቡና ብታዪ «ግማሽ በግማሽ የጎማ ነው» ትያለሽ? አትዪም። የሊሙም የጌራም የታጠበ አለ። ኦቲዝምም መነሻው ብዙ ነው።

በአሜሪካ ወላጆች በተጠየቁበት ጥናት፣ ፍራጃይል ኤክስ ካለባቸው ወንዶች 46 ከመቶ፣ ከሴቶቹ 16 ከመቶ ኦቲዝም አለባቸው ተብሏል። ከኦቲዝም ተነስተሽ ስትቆጥሪ ግን ቁጥሩ ይወርዳል። ኦቲዝም ካለባቸው 100 ልጆች ፍራጃይል ኤክስ የሚገኝባቸው፣ እንደ ጥናቱ ከ1 እስከ 5 ቢሆኑ ነው። ክሊኒክ በመጡ ልጆች ላይ የተሠራ ጥናት ከፍ ይላል፤ ምክንያቱም ክሊኒክ የሚደርሰው ጠንከር ያለ ችግር ያለበት ልጅ ነው። ፍራጃይል ኤክስ ራሱ ብርቅ ነው። ከ4,000 እስከ 7,000 ወንዶች መካከል በአንዱ ነው የሚገኘው። እባካችሁ ቁጥሩን ገልብጣችሁ አታንብቡ።

ከአጂፕ፦ ልጄ የሰው ዓይን ዓይን አያይም፣ እጁን ያርገበግባል። ምንድን ነው?

መልስ፦ ዕድሜው ስንት ነው? ይናገራል? ይሰማል? በሁለት መስመር ማንም አይመልስልህም። ሕፃናት ሐኪም ጋ ውሰደው።

ከፈረንጅ አራዳ፦ የክሮሞዞም ምርመራ ተሠርቶለት «ደህና ነው» ተባልን። አበቃ ማለት ነው?

መልስ፦ አላበቃም ጋሼ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ብዙ ሰው ቢጠይቀኝ ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1969 ኸርበርት ሉብስ የሚባል ተመራማሪ የኤክስ ክሮሞዞም ጫፍ ሊሰበር የደረሰ መስሎ በማይክሮስኮፕ አየ። «ፍራጃይል» ማለት ተሰባሪ ነው፤ ስሙ የመጣው ከዚያ ነው። ግን በዚያ መንገድ ብዙ ሰው ያመልጣል። ዘረመሉ እ.ኤ.አ. በ1991 ከታወቀ ወዲህ የሚሠራው የዲኤንኤ ምርመራ ነው። በዚህ ዘረመል ላይ ሲጂጂ የምትባል ሦስት ፊደል እየተደጋገመች ትጻፋለች። እስከ 44 ጊዜ ከሆነ ጤነኛ ነው። ከ55 እስከ 200 ከሆነ ሰውየው ተሸካሚ ነው። ከ200 ሲያልፍ ዘረመሉ ይዘጋል፣ አእምሮ የሚፈልገው ፕሮቲን አይመረትም። ተራው የክሮሞዞም ምርመራ ድግግሞሹን አይቆጥርም። «ፍራጃይል ኤክስ» ብለው በስሙ ይጠይቁ።

ከመርካቶ፦ እኔ ግን ቡና ላይ የሚረጨው ኬሚካል ነው ባይ ነኝ።

ከጅሬን፦ የእኛን ቡና ማን ረጭቶት ያውቃል? ዛፍ ጥላ ሥር ነው የሚያድገው።

ከመርካቶ፦ በቆሎው ላይስ?

ከቆጪ፦ እናንተ ስለ በቆሎ ትከራከራላችሁ። እኔን አማቴ «ከአንቺ ዘር ነው የመጣው» ይሉኛል።

መልስ፦ የኬሚካሉን ክርክር እዚህ ተዉት፤ ፍራጃይል ኤክስ በመርጨት አይመጣም። የቆጪዋ እህቴ፣ ልጅሽ ሳይመረመር ማንም እንዲህ ሊልሽ አይገባም። ቢገኝበት እንኳ ጥፋት የሚባል ነገር የለም። ወንድ ልጅ ኤክስን የሚወስደው ከእናቱ ነው። እናቱ ግን ከአባቷ ወስዳው ሊሆን ይችላል። ተሸካሚ አባት ለሴት ልጆቹ በሙሉ ያስተላልፋል፣ ለወንዶቹ ለአንዱም አያስተላልፍም። ድግግሞሹ ከ200 አልፎ የሚሄደው ደግሞ በእናት በኩል ሲተላለፍ ነው።

የእኛን ቤት ልንገራችሁ። አባታችን በስተእርጅና እጃቸው ይንቀጠቀጥ፣ ሲራመዱም ይንገዳገዱ ነበር። እርጅና ነው ብለን ተውነው። የእህቴ ልጅ ሲመረመር ነው ነገሩ የገባን። ተሸካሚ ወንዶች ከ50 ዓመት በኋላ እንዲህ ሊሆኑ ይችላሉ። እኔም ሴት ልጃቸው ነኝና ተሸካሚ ነኝ። ከተሸካሚ ሴቶች 20 ከመቶ ያህሉ የወር አበባቸው ከ40 ዓመት በፊት ይዛባል ወይም ይቆማል፤ ስለዚህ እህቶቻችሁንም አስቡ። እህቴ ግን ስንት ዓመት ራሷን ስትወቅስ ኖረች።

ከሳጆ፦ ስለዚህ ኦቲዝም ካለባቸው ግማሹ ፍራጃይል ኤክስ ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም! ከላይ ያለውን የቡናውን ምሳሌ አንብብ። ደግሜ አልጽፈውም።

ከአጂፕ፦ ዳውን ሲንድሮምስ?

መልስ፦ ዳውን ሲንድሮም ካለባቸው 100 ልጆች 16 ያህሉ ኦቲዝምም እንዳለባቸው ይገመታል። ይህንንም አትገልብጡት።

ከመርካቶ፦ የሚያድን መድኃኒት አለ?

መልስ፦ ስለ መድኃኒት አትጠይቁኝ ብያለሁ። ፍራጃይል ኤክስን የሚያድን የለም። የንግግርና የባህሪ ሥልጠና በጊዜ ሲጀመር ግን ይረዳል።

ከቆጪ፦ አሁን የ3 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። አንዱ ላይ ከደረሰ ሁለተኛው አይደርስበትም ይላሉ።

መልስ፦ እንዲህ የሚሉሽን አትስሚ። እናት ተሸካሚ ከሆነች በእያንዳንዱ እርግዝና የማስተላለፍ ዕድሏ 50 ከመቶ ነው። የፊተኛው ልጅ የኋለኛውን ዕድል አይቀንስም፣ አይጨምርም። አንቺ ግን ተሸካሚ ነሽ ያለሽ የለም። መጀመሪያ ትልቁ ልጅ ይመርመር። እርግዝናሽን ለሐኪሙ ዛሬውኑ ንገሪው፣ ጊዜ አታባክኚ። ውጤቱ ሲመጣ ወረቀቱን ይዘሽ ነይ፣ ቁጥሩን ቁጭ ብለን አብረን እናነበዋለን።