ለአባቴ የገዛሁትን የሴሊኒየም እንክብል ልላክላቸው?

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት ነው። ጎጃም የሚኖሩት አባቴ በቅርቡ የፕሮስቴት ካንሰር እንዳለባቸው ተነግሯቸዋል። «ካንሰርን የሚከላከሉ ፕሮቲኖችን ይገነባል» የሚል ጽሑፍ ያለበት ባለ 200 ማይክሮግራም የሴሊኒየም እንክብል ገዝቻለሁ። አንዱን ጠርሙስ ለአባቴ ልልክ፣ ሌላውን አብሮኝ ለሚኖረው የ50 ዓመት ወንድሜ ልሰጥ አስቤያለሁ። ይጠቅማቸው ይሆን?

መልስ፦ ለአባትዎ ፈጣሪ ምሕረቱን ያውርድላቸው። እንክብሉን ግን እንዳይልኩላቸው፣ ለወንድምዎም እንዳይሰጡ እንመክራለን። ጠርሙሱ ላይ የሰፈረው ቃል ፈጽሞ ሐሰት ባይሆንም እውነቱን በከፊል ብቻ የሚናገር በመሆኑ ያሳስበናል።

ሰውነታችን በጥቂቱ የሚያስፈልገው ማዕድን የሆነው ሴሊኒየም አብዛኛውን ሥራውን የሚያከናውነው ሴሊኖሲስቴይን የተባለ አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) አካል ሆኖ በፕሮቲኖች ውስጥ ሲገባ ነው፤ እነዚህም ሴሊኖፕሮቲኖች ይባላሉ። በሰው ዘረመል ውስጥ የሚያሠሯቸው 25 ጂኖች ተለይተዋል። አሠራራቸው በእውነት የሚያስደንቅ ነው፦ በሌሎች ፕሮቲኖች ላይ «ሥራው እዚህ ያብቃ» የሚለው የዘረመል ምልክት፣ በእነዚህ ላይ ሲደርስ «ሴሊኖሲስቴይን አስገባ» ተብሎ ይነበባል። ከመካከላቸው ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ የተባሉት ህዋስን የሚጎዱ ፐርኦክሳይዶችን ያከሽፋሉ፤ ሌሎቹ የታይሮይድን ሆርሞን ወደሚሠራበት መልክ ይለውጣሉ፤ በጉበት የሚመረተው ሴሊኖፕሮቲን ፒ ደግሞ ሴሊኒየምን በደም አጓጉዞ ለአንጎልና ለዘር ፍሬ ያደርሳል። ሴሊኒየም እጅግ ባነሰባቸው የቻይና አካባቢዎች ኬሻን የተባለው የልብ ጡንቻ በሽታ ሕፃናትንና ወጣት ሴቶችን ይገድል ነበር።

የዘረመልን ጉዳት የሚቀንስ ፕሮቲን ካንሰርንም ያርቃል ብሎ ማሰብ ተገቢ ነበር። ሆኖም ካንሰሩ አንዴ ከተፈጠረ በኋላ እነዚሁ ፕሮቲኖች የካንሰሩንም ህዋስ ይጠብቃሉ። ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ 4 የህዋስን ሽፋን በብረት አማካይነት ከሚመጣ ጥፋት ያድናል፤ መድኃኒት የተላመዱ አንዳንድ የካንሰር ህዋሳት በሕይወት የሚቆዩት በእርሱ ተደግፈው ስለሆነ፣ ተመራማሪዎች ይህን ፕሮቲን የሚያግድ መድኃኒት እየፈለጉ ነው።

በ1996 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) ይፋ የሆነ፣ 1,312 ሰዎች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት፣ ሴሊኒየም የታሰበለትን የቆዳ ካንሰር ባይከላከልም በወሰዱት ዘንድ የፕሮስቴት ካንሰር አንሶ በመገኘቱ ብዙ ተስፋ አሳድሮ ነበር። ያን ተስፋ ለመፈተሽ በ2001 የተጀመረውና 35,533 ወንዶች የተሳተፉበት ጥናት፣ በቀን 200 ማይክሮግራም ማለትም እርስዎ የገዙትን ያህል መጠን መውሰድ ጥቅም እንደሌለው ስለታየ በ2008 እንክብል መስጠቱ ተቋረጠ። በ2014 በወጣው ትንተና ደግሞ ቀድሞውኑ ከፍ ያለ የሴሊኒየም መጠን በነበራቸው ወንዶች ላይ እንክብሉ ኃይለኛውን የፕሮስቴት ካንሰር ዕድል በ91 በመቶ ከፍ አድርጎ ተገኝቷል። የአሜሪካ አፈርና ስንዴ በአብዛኛው ሴሊኒየም የበዛባቸው ስለሆኑ ወንድምዎ ከእነዚህ ወገን ሊሆኑ ይችላሉ።

የአባትዎ ሁኔታ የተለየ ነው። በ2021 የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ እህል ውስጥ ያለው ሴሊኒየም ከቦታ ቦታ በእጅጉ እንደሚለያይ አሳይቷል፤ ስለዚህ አባትዎ እጥረት ሊኖርባቸውም ላይኖርባቸውም ይችላል፤ ይህም የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው። ካንሰሩ ከታወቀ በኋላ ግን ይበልጥ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ያልተሰራጨ የፕሮስቴት ካንሰር ያለባቸውን 4,459 ወንዶች የተከታተለ የ2015 ጥናት፣ በቀን 140 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ሴሊኒየም በእንክብል የሚወስዱት በዚሁ ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ካልወሰዱት 2.6 እጥፍ ሆኖ አግኝቶታል። ይህ የክትትል ጥናት በመሆኑ መንስኤውን አያረጋግጥም፤ ለታመመ ሰው እንክብል ከመላክ እንድንቆጠብ ግን ይበቃል።

ለአዋቂ ሰው በቀን የሚመከረው 55 ማይክሮግራም ሲሆን እንቁላል፣ ዓሣና ሥጋ ይህን ለማሟላት ይረዳሉ። ጠርሙሱን አስቀድመው ልከው ከሆነ፣ አባትዎ እንክብሉን ሳይጀምሩ ከነጽሑፉ ለሐኪማቸው እንዲያሳዩት ዛሬውኑ ይደውሉላቸው።