ቆዳውን ከማስነሳትህ በፊት

ወንድሜ፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ ያለህ። የ1984 መርሴዲስ 240ዲ ገዝተህ የሾፌሩ ወንበር ቆዳ ቀለሙ እንደለቀቀ፣ በመውጫው በኩል እንደተሰነጣጠቀ፣ አንድ ስፌትም እንደተተረተረ ነግረኸናል። ታፒሰሪ ቤት ደግሞ «ሁሉንም አንስተን በሰው ሠራሽ ቆዳ እናልብስልህ» ብለውሃል። ላድሰው ወይስ ልቀይረው ነው ጥያቄህ። እኔ አድሰው እላለሁ። ከአባቴ የወረስኩትን መርሴዲስ 230ኢ ወንበር በገዛ እጄ ነው ያደስኩት።

ግን ቆዳ መሆኑን አረጋግጥ። ከ1976 እስከ 1986 በተመረተው በዚህ ሞዴል፣ ደብሊው 123 በሚባለው፣ ብዙ ወንበሮች ኤምቢ-ቴክስ በሚባል ሰው ሠራሽ ነገር የተሸፈኑ ናቸው። ሲያዩት ቆዳ ነው የሚመስለው። ከወንበሩ ስር እጅህን አስገብተህ ጠርዙን ገልብጠህ እይ። ጀርባው እንደ ከፈይ ለስላሳ ቃጫ ካለው ቆዳ ነው። የጨርቅ ሽመና ካየህ አይደለም። ቀለሙ የለቀቀበት ቦታ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ብታደርግም ይነግርሃል፤ ቆዳ ውሃውን ይጠጣና ይጠቁራል። ሙከራውን የወንበሩ መቀመጫ ላይ አድርግ። የቆዳ ወንበር በሚባለውም ላይ ጎኑና ጀርባው ሰው ሠራሽ ሊሆን ይችላል።

ቆዳ ከሆነ፣ ለቀቀ የምትለው ቀለም ከላይ የተቀባው ስስ ሽፋን ነው። ስሩ ያለው ቆዳ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። የተሰነጠቀውን ቦታ በሁለት ጣትህ ቆንጠጥ አድርገህ ሳብ አድርገው። ከተለጠጠ ይድናል። እንደ ደረቅ ወረቀት ከተቀደደ ያ ቁራጭ ሞቷል።

አሁን ያጠፋሁትን ልንገርህ፣ አንተ እንዳትደግመው። መጀመሪያ ያደረግኩት የጫማ ቀለም መቀባት ነው። ሊስትሮ የሚጠቀምበትን ቡናማ ቀለም ሁለት ቆርቆሮ ጨረስኩበት። አበራ፣ አማረ። በማግስቱ እሁድ ባለቤቴ ነጠላዋን ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ስትወርድ የነጠላዋ ጀርባ ቡናማ ሆኗል። ታጥቦም አልለቀቀም። ያ ነጠላ የእናቷ ስጦታ ነበር፣ እስካሁን ይቆጨኛል። የጫማ ቀለም ሰም ስላለው ጨርሶ አይደርቅም። ሙቀትና ልብስ ባገኘው ቁጥር ይለቃል። የምግብ ዘይትና ቫዝሊንም አትሞክር። አቧራ ይሰበስባሉ፣ ቀጥሎ የምትቀባውንም ቀለም አያስይዙም።

ሁለተኛው ስህተት እጥበት ቤት ውስጥ ለዓመታት ሲረጩልኝ የነበረው ማብረቂያ ነው። ሲሊኮን አለበት። በደንብ ሳላስለቅቀው ትክክለኛውን የቆዳ ቀለም ብቀባ፣ ቀለሙ ቅባት ላይ እንደ ወደቀ ውሃ ሸሸ። የያዘውም በሁለት ሳምንት ተላጠ። እንደገና ከዜሮ ጀመርኩ።

ስለዚህ አብዛኛው ሥራ ጽዳት ነው። እኔ ለአንድ ወንበር ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። በረኪናና ኦሞ አታስጠጋ። ለቆዳ የተሠራ ማጽጃ አረፋውን ብቻ በለስላሳ ብሩሽ፣ ስፌቱን በጥርስ ብሩሽ፣ ትንሽ ትንሽ ቦታ እየያዝክ ሂድ። ውሃ አታብዛ። ጨርቁ ጥቁር እየሆነ ይወጣል፣ ንጹሕ እስኪሆን አትተው። ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ከዚያ በአልኮል በራሰ ጨርቅ ጥረገው። አሮጌው ቀለም ጨርቁ ላይ ሲወጣ አትደንግጥ፣ የምንፈልገው እሱን ነው። ቲነር ግን አይሁን። የሻከረውን በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በቀስታ አለስልሰው፣ በ1000 ጨርሰው፣ ብናኙን ጥረግ።

የተተረተረውን ስፌት ለባለሙያ ስጥ። በአሮጌው ቀዳዳ፣ በፖሊስተር ክር ይስፋልህ። አዲስ ቀዳዳ ከበሳው ቆዳው በዚያ መስመር ይቀደዳል። ተቀዶ ያለፈ ቦታ ካለ ከጀርባው ቁራጭ ሸራ በማስቲሽ ይለጠፍ። ስንጥቁ ላይ የሚለጠጥ የቆዳ መሙያ በስሱ እየደራረብክ ሙላ። የላሜራ ስቱኮ አይሆንም፤ ስትቀመጥበት ይሰነጠቃል።

ቀለሙ በውሃ የሚበጠበጥ የቆዳ ቀለም ነው። እኔ ከዱባይ በሚመጣ ዘመድ ነው ያስመጣሁት። መጀመሪያ ከወንበሩ ጀርባ በማይታይ ቦታ ሞክረውና ሲደርቅ እይ፤ እርጥቡና ደረቁ አይመሳሰሉም። የመጀመሪያውን ዙር በስፖንጅ ስንጥቁ ውስጥ ጫን እያደረግክ፣ ቀጣዮቹን አራት አምስት ዙር በጣም በስሱ ቀባ። በየመሃሉ በፀጉር ማድረቂያ አድርቀው። መጨረሻ ላይ የማያብለጨልጨውን መከላከያ ሽፋን ደርብበት። 24 ሰዓት አትቀመጥበት፣ ለጥቂት ሳምንታትም አትጠበው። ይህን ሁሉ በበጋ አድርገው። እኔ ሐምሌ ላይ ጀምሬ አንዱ ዙር እስኪደርቅ መከራዬን አየሁ።

አዲስ እንዲመስል አትጠብቅ። ጥልቅ ስንጥቆች እንደ ሽብሽብ ይቀራሉ። እኔ እወዳቸዋለሁ፤ አባቴ ለዓመታት የወጣበትና የወረደበት ቦታ ነው።

የሞተ ቁራጭ ካለ ያንን ብቻ አስቀይር። ከ1 እስከ 1.2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የበሬ ቆዳ ይሁን። የሀገራችን የበግ ቆዳ ለጓንትና ለጃኬት እጅግ ጥሩ ነው፣ ለወንበር ግን ይሳሳል። አሮጌውን ቁራጭ እንዳይጥሉት ንገራቸው፣ ልክ መቁረጫው እሱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ። ስትቀመጥ ወንበሩ ወደ በሩ ያዘነብላል? ከሆነ ውስጥ ያለው ሞላ ተሰብሯል። በዚህ ሞዴል የተለመደ ነው። ከሞላው በላይ ያለው የፈረስ ጭራ ምንጣፍም ሊያልቅ ይችላል። ያን ሳታስተካክል ቆዳውን ብታድስ ስንጥቁ በዚያው ቦታ ይመለሳል፣ ምክንያቱም ክብደትህን ቆዳው ብቻውን ይሸከማል። ታፒሰሪ ቤቶች ምንጣፉን አውጥተው ስፖንጅ ሊጠቀጥቁበት ይፈልጋሉ። እሺ አትበል፣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይሰምጣል።

ቅዳሜ ጊዜ ካለህ የወንበሩን የስር ክፍልና የተሰነጠቀውን ጎን በቀን ብርሃን፣ ቀረብ አድርገህ ፎቶ አንሳና ላክልኝ። ቆዳውን ያኔ አይተን እንወስናለን። እስከዚያ ታፒሰሪው እንዳይነካው።