ወንድምሽ «የሰርቨር ዘበኛ» ቢልሽም

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ለሌላ ሰው መልስ ጀምሬ ነበር። እሱን አቆይቼ ያንቺን ያዝኩ።

ያልሽው ባጭሩ ይሄ ነው። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቀሽ አንድ የግል ባንክ ውስጥ የዌብሎጂክ ሰርቨሮችን (የባንኩ ፕሮግራሞች የሚሠሩበትን ሶፍትዌር) ትንከባከቢያለሽ። በሥራ ቀን ሎግ (ሰርቨሩ ስለ ራሱ የሚጽፈውን መዝገብ) እና የዲስክ ቦታ ትከታተያለሽ፣ ቅዳሜ ሌሊት ፓች፣ ማለትም የሶፍትዌር ማስተካከያ፣ ትጭኛለሽ። አሜሪካ ያለው ታላቅ ወንድምሽ «የሰርቨር ዘበኛ ሆነሽ ልትቀሪ ነው» ይልሻል። እናትሽ ደግሞ ሥራሽን ለቀሽ፣ በሚደርስሽ ዕቁብ የፕሮግራሚንግ ኮርስ እንድትገቢ ይፈልጋሉ። አንቺም «ሲሠራ ማንም አያውቀኝም፣ ሲቆም ግን ሁሉም ስሜን ይጠራል» ብለሻል።

እዚች ላይ ነው የያዝሽኝ። እኔም ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት የቴሌኮም መሣሪያ ስጠብቅ ያደርኩባቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ለጥገና ሰው ታደላለህ ካልሽኝ አልከራከርሽም።

ወንድምሽ ሥራሽን አያውቀውም። መጋቢት 2016 ላይ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ሰው ከሂሳቡ በላይ ገንዘብ ሲያወጣ ያደረበትን ሌሊት ታስታውሻለሽ። ብሔራዊ ባንክ ባወጣው መግለጫ ችግሩ የተፈጠረው በጥገናና ፍተሻ ሥራ ላይ ነው ብሎ ነበር። ተራ የሚባለው ሥራ ያን ያህል ነው የሚያናጋው። ደህና ሲሠራ ግን ዜና አይሆንም።

ቢሆንም የወንድምሽ ፍርሃት ባዶ አይደለም። በደብዳቤሽ መሃል ሳታስቢው የጣልሻት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ሰኞ ጠዋት ጠዋት ሰርቨሩ ይቆማል፣ ሪስታርት እናደርገዋለን፣ ይሠራል»። እኔን ከኮርሱም ከዕቁቡም በላይ ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። ሪስታርትማ ስክሪፕትም፣ ማለትም ትእዛዝ የተጻፈበት ፋይልም፣ ያደርጋል። ደግሞ ሪስታርት ስታደርጊ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል።

የሚመጣው ሰኞ ከማጥፋትሽ በፊት ትሬድ ደምፕ ውሰጂ፤ እያንዳንዱ ትሬድ (ሰርቨሩ ውስጥ ያለ የሥራ መስመር) በዚያች ቅጽበት ምን ላይ እንዳለ የሚያሳይ ዝርዝር ነው። በ10 በ10 ሰከንድ ልዩነት ሦስቴ። ሦስቱም ላይ እዚያው ቦታ ተገትረው የቀሩ ትሬዶች ካሉ ምን እየጠበቁ እንደሆነ እዪ። ብዙ ጊዜ የዳታቤዝ ኮኔክሽን ነው። አንዱ ፕሮግራም ከፑሉ፣ ማለትም ከተዘጋጁት ኮኔክሽኖች ስብስብ፣ ወስዶ አይመልስም። ሰኞ ደንበኛ ይበዛል፣ ፑሉ ያልቃል፣ የቀረው ሁሉ ተሰልፎ ይቆማል። መስኮት ላይ ያለችው ልጅም «ሲስተም የለም» ትላለች። ዌብሎጂክ ቅንብሩ ካልተቀየረ በቀር አንድ ሥራ ላይ 600 ሰከንድ ያለፈውን ትሬድ «ስተክ» (ተቀርቅሯል) ብሎ ሎግ ላይ ይጽፍልሻል። ብዙዎች ያንን መስመር ሳያነቡ ነው ሰርቨሩን የሚያጠፉት። ኃላፊሽ «ቶሎ አስነሺው» ብሎ መጮሁ አይቀርም። አንድ ደቂቃ ለምኚው፣ ይበቃሻል።

ያገኘሽውን በአንድ ገጽ ጽፈሽ ለፕሮግራመሮቹ ስጪ፣ አንድ ቅጂም ለራስሽ አስቀሪ። ኢንተርቪው ላይ «የፈታሽውን አንድ ችግር ንገሪን» ሲሉሽ የምታወሪው ይሄንን ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ዕቁቡን አትንኪው። እናትሽ ያሰቡት ለአንቺው ነው፣ ግን ደሞዝ ትተሽ፣ ያለሽን ልምድ ጥለሽ፣ ከአዲስ ተመራቂ ጋር እኩል ልትሰለፊ ነው። ወንድምሽ ያን ያህል እርግጠኛ ከሆነ ሥራ እስክታገኚ የቤት ኪራይሽን ይክፈላ። ይህን ስትጠይቂው ምን እንደሚል ለማወቅ ጓጉቻለሁ።

ይልቅ ማታ ማታ ባሽ ስክሪፕትና አንሲብል (በእጅ የሚደጋገመውን ሥራ በራሱ እንዲሄድ የሚያደርጉ መሣሪያዎች) ልመጂ። እንደ ዌብሎጂክ ያሉት ቶምካትና ዋይልድፍላይ በነፃ ይወርዳሉ፣ ላፕቶፕሽ ላይ እያበላሸሽ ጠግኚ። በእጅ የሚሠራው ጥገና እየከበደ ነው። ለምሳሌ የድረ ገጽ ሰርተፍኬትን (የድረ ገጹን ማንነት የሚያረጋግጠውን ዲጂታል ሰነድ) እዪ፦ ረጅሙ ዕድሜው 398 ቀን ነበር፣ ከማርች 2026 ወደ 200 ቀን፣ ከማርች 2029 ጀምሮ ደግሞ ወደ 47 ቀን እንዲወርድ ተወስኗል። ያንን ሁሉ በካላንደር እያስታወሰ የሚያድስ ሰው አንድ ቀን ይረሳል። ማደሱን ወደ ስክሪፕት የሚያዞር ሰው ባንኮች ይፈልጋሉ።

አጎትሽ አሉኝ ያልሽው ኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) ይቆይ። ዲቪ ሲከፈት ሙዪ፣ ግን ሕይወትሽን በሱ ላይ አታቅጂ።

የሌሊቱን ክፍያ በተመለከተ «ትንሽ አበል ይሰጡናል» ብለሽ አልፈሽዋል። አትለፊው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት መደበኛው የሰዓት ክፍያ በ1.75 ተባዝቶ ነው የሚከፈለው። በሳምንት ዕረፍት ቀንሽ ከሆነ በ2። ፓች የጫንሽባቸውን ሌሊቶች ሰዓት ከሎጉ ላይ አውጥተሽ ለሰው ኃይል ክፍል በጽሑፍ አስገቢ። ማመልከቻውን ከማስገባትሽ በፊት ላኪልኝና አየዋለሁ።