ሞተር ሲጠፋ ፍሬን ምን ይሆናል? የአሽከርካሪዎች ጥያቄና መልስ

ከዘንዘልማ ወደ ባሕር ዳር ስገባ የቪትዝ መኪናዬ ሞተር በድንገት ጠፋ። ፍሬኑን ደጋግሜ ብረግጠው እንደ ድንጋይ ደረቀብኝ። ባጃጅ ልገጭ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ፍሬኔ ተበላሽቷል?

አልተበላሸም። የእግርዎን ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርሰው የፍሬን ዘይት ነው፤ ለዚህ ሞተር አያስፈልገውም። ሞተሩ ሲጠፋ የሚቀረው የሰርቮ እገዛ ነው። ሰርቮ ማለት ከፔዳሉ ፊት ለፊት፣ ኮፈኑ ስር ያለው ክብ ጥቁር ቆርቆሮ ነው። የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ ከሰርቮው ውስጥ አየር መጥጦ ቫኪዩም ይፈጥራል፤ ፔዳሉን ሲረግጡ ከኋላ በኩል የውጭ አየር ይገባና እግርዎን እያገዘ ይገፋል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ቱቦው ላይ ያለችው የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ የተረፈውን ቫኪዩም ይዛ ትቆያለች። እሱ ግን ከሁለት፣ ቢበዛ ከሦስት እርግጫ አያልፍም። እርስዎ ደጋግመው በመርገጥ ጨረሱት።

ስለዚህ አንዴ አጥብቀው ይርገጡና መኪናው እስኪቆም እግርዎን አያንሱ። ከደረቀብዎትም ጀርባዎን ወንበሩ ላይ አስደግፈው በሙሉ ጉልበት ይግፉት፤ ሦስት አራት እጥፍ ኃይል ይፈልጋል እንጂ ይይዛል። የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያሉ ይሳቡ። ቁልፉን በፍጹም አይንቀሉ፣ መሪው ይቆለፋል። መሪውም ስለሚከብድ በሁለት እጅ ይያዙት።

ከተማችን ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች መሆኗም መታወቅ አለበት። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ሰርቮውን የሚገፋው ይኸው አየር ስለሆነ እገዛውም ከመነሻው የቀነሰ ነው። ትንሽ የሚያፈስ ቱቦ እዚህ ቶሎ ይሰማል።

ሰርቮው ደህና መሆኑን ጋራዥ ሳልሄድ እንዴት ልወቅ?

ሞተሩን አጥፍተው ፔዳሉን እስኪደርቅ አራት አምስት ጊዜ ይርገጡ። ከዚያ እንደረገጡ ሞተሩን ያስነሱ፤ ፔዳሉ ከእግርዎ ስር ትንሽ ዝቅ ካለ ሰርቮው ይሠራል። ምንም ካልተንቀሳቀሰ ቱቦው ተሰንጥቋል፣ ቫልቯ ተበላሽታለች ወይም ሰርቮው ውስጥ ያለው ላስቲክ ተቀዷል። ቀጥሎ ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን ረግጠው ሞተሩን ያጥፉና 30 ሰከንድ ይያዙት። እግርዎን ወደ ላይ ከመለሰው የሚያፈስ ቦታ አለ። ከቱቦው ይጀምሩ፤ ርካሹም ቶሎ የሚሰነጠቀውም እሱ ነው።

የናፍጣ አባዱላ አለኝ። ሞተሩ እየሠራም ፍሬኑ ይደርቃል። መካኒኩ «ዲናሞው ነው» ይለኛል። ዲናሞና ፍሬን ምን አገናኛቸው?

መካኒክዎ ትክክል ሊሆን ይችላል። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን በራሱ በቂ ቫኪዩም ስለማይሰጥ የተለየ ፓምፕ ይገጠምለታል። በእነዚህ የቶዮታ ሞተሮች ፓምፑ ያለው ከዲናሞው ጀርባ ነው። የሚለሰልሰው በሞተር ዘይት ስለሆነ ዘይቱ ካልደረሰው ውስጡ ተፍቆ መምጠጥ ያቆማል። ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ግን ከፓምፑ ወደ ሰርቮ የሚሄደውን ቱቦ ነቅለው፣ ሞተሩ በቀስታ እየሠራ ፓምፑ ላይ ጣትዎን ያስጠጉ። አጥብቆ ከሳበዎት ፓምፑ ደህና ነው፤ ችግሩን ከቱቦው ወዲያ ይፈልጉት።

ነዳጅ ለመቆጠብ ዓባይ በረሃን ሞተር አጥፍቼ ብወርድስ?

አይሞክሩት። ከደጀን እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ሰርቮ የለም፣ ማርሽ ከተነቀለ ሞተሩ መኪናውን አይዝም፣ የፍሬን ሸራው ይግላል፣ የፍሬን ዘይቱ ሊፈላ ይችላል፤ ሲፈላ ደግሞ ፔዳሉ አይደርቅም፣ ወለል ድረስ ይገባል። ያኔ ጉልበትም አያድንም። በኢንጀክሽን በሚሠሩ መኪኖች ቁጠባውም የለም፤ ማርሽ ውስጥ ሆነው እግርዎን ከነዳጅ ሲያነሱ ሞተሩ ነዳጅ መርጨት ያቆማል። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ ይዘው ይውረዱ።

ሞተሩ የማይነሳ መኪና በገመድ ለማስጎተትስ?

የሚጎተተው መኪና አሽከርካሪ ከጥቂት እርግጫ በኋላ እገዛ እንደሌለው ይወቅ። ገመዱን ከአራት ሜትር አያሳጥሩ፣ በዝግታ ይጎትቱ። ቁልፉ «ኦን» ላይ ይሁን፤ መሪውም አይቆለፍም፣ የፍሬን መብራቱም ይሠራል።

ሲኖትራክስ?

እሱ ሌላ ነው። ፍሬኑ በታመቀ አየር ይሠራል፣ አየሩን የሚሞላው ሞተሩ የሚያዞረው ኮምፕረሰር ነው። ሞተሩ ከጠፋ በጋኑ ያለው አየር ለተወሰነ እርግጫ ይበቃል፤ እያነሰ ሲሄድ ማስጠንቀቂያው ይጮሃል፣ በመጨረሻም ፍሬኑ ውስጥ ያለው ስፕሪንግ የኋላ ጎማዎችን ራሱ ይይዛቸዋል። ጩኸቱን ከሰሙ ዳር ይዘው ይቁሙ፤ ስፕሪንጉ ሲይዝ ቦታ አያስመርጥም።

ባጃጅስ?

ባጃጅ ሰርቮ የለውም። ሞተሩ ቢጠፋም ፔዳሉ እንደነበረው ነው።