ልጄ አፏን አልከፍት ብላኛለች

ጥያቄ፦ ሰላም፣ የምጽፈው ከሜሪላንድ ነው። ልጄ በ27 ሳምንቷ ነው የተወለደችው፣ አሁን 14 ወሯ ነው። ሆዷ ላይ በተገጠመላት ቱቦ ነው ፎርሙላ የምትወስደው፣ ሌሊት ለ10 ሰዓት ያህል በፓምፕ፣ ቀን ደሞ 3 ጊዜ። ማንኪያ ገና ስታይ ፊቷን ታዞራለች፣ ከንፈሯን ካስነካኋት ያቅለሸልሻታል። እናቴ በስልክ እንጥሏ ወርዶ ነው፣ ቱቦውን ተዪውና ይራባት፣ እምቢ ካለችም በግድ አጉርሻት ትለኛለች። ጨንቆኛል፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ በግድ ማጉረስ የሚባለው ይቅርብሽ። እኛ ጉርሻ ፍቅር ነው ተብለን ነው ያደግነው፣ እሷ ግን ከተወለደች ጀምሮ ወደ አፏና ወደ አፍንጫዋ የመጣው ሁሉ ቱቦ፣ ፕላስተርና አክታ መምጠጫ ነው፣ ታዲያ ማንኪያ ብትሸሽ ቅብጠት ነው እንዴ? እንጥሏንም ማንም እንዳይነካት፣ መቁረጥ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ነው ትርፉ። ደሞ 13 ሳምንት ቀድማ ስለመጣች በምግብ ነገር የ11 ወር ልጅ አድርገሽ ቁጠሪያት።

መዋጧ ሳይጣራ ግን ምንም እንዳትጀምሪ። አንዳንድ ልጅ ምግብ ወደ ሳንባው ሲገባ እንኳ አያስልም፣ ዝም ብሎ ነው የሚገባው፣ ስለዚህ በራጅ ቪዲዮ እየታየ የሚሰራውን የመዋጥ ምርመራ ሐኪሟን ጠይቂ። ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ቀጭን ፈሳሽ ስለሆነ ውሃም አጥሚትም "ትንሽ ብቻ" ብለሽ አትሞክሪ። እዛው ሜሪላንድ ከ3 ዓመት በታች ላሉ እድገታቸው ለዘገየ ልጆች ቤት ድረስ የሚመጣ ነፃ የቴራፒ አገልግሎት አለ፣ ካውንቲሽ ጋ ደውይና የአበላል ቴራፒስት ትፈልጋለች በያቸው።

ሌላው ረሃብ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲንጠባጠብላት ያደረች ልጅ ጠዋት ምን ብሏት ትብላ! ሐኪሟና የአመጋገብ ባለሙያዋ (ዳይቲሺያኗ) የሌሊቱን ወደ ቀን እያመጡ፣ ክብደቷን እየመዘኑ ቀስ በቀስ መጠኑን ሊቀንሱላት ይችላሉ። እናትሽ ይራባት ያሉት ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም ማለት ነው፣ ግን በራስሽ እጅ እንዳታደርጊው፣ ቶሎ ፈሳሽ ያንሳታል፣ ዳይፐሯ ደረቅ ሆኖ ከዋለ ደውይ።

ቤት ውስጥ ደሞ በቱቦ ስትመገብ ለብቻዋ አታስተኚያት፣ እናንተ ስትበሉ ማዕዱ ጋ አብራችሁ ትቀመጥ። መዋጧ ከተጣራ በኋላ ሽሮ ከፊቷ አድርጊላትና እጇን ትንከርበት፣ ፀጉሯንም ትቀባው፣ ማጠብ ነው። አንድ ቀን ጣቷን ከላሰች እልል አትበይ፣ ያም ግፊት ነው፣ ዝም ብለሽ ምግብሽን ብዪ። ከ20 ደቂቃ በላይ አታቆዪያት፣ ካለቀሰችም አንሺያት።

መብላት ብትጀምርም ቱቦው ቶሎ አይወጣም፣ ጉንፋን ይዟት እምቢ ስትል ስለሚያስፈልግ ሳትጠቀሙበት ለወራት ሊቆይ ይችላል። ድንገት ከወለቀ ግን ቀዳዳው በሰዓታት ውስጥ መጥበብ ስለሚጀምር እስኪነጋ አትጠብቂ፣ ይዘሻት ሂጂ።