ወንዶች ጥቁር ሴት ሆነው ሲያስቁ፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩላችሁ

ስለ አሜሪካ ኮሜዲ ጥያቄ ካላችሁ አምጡ ብዬ ነበር። አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁኝ ስለ አንድ ነገር ነው፤ ወንዶች ዊግና ቀሚስ ለብሰው ጥቁር ሴት ስለሚሆኑበት ቀልድ። ለዓመታት ስከታተለው የኖርኩት ጉዳይ ስለሆነ ደስ ብሎኝ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ወንድ ቀሚስ ለብሶ ቢያስቅ ምን አለበት? በእኛም የድሮ ቲያትር ሴቷን የሚጫወተው ወንድ ነበር እኮ።

ልክ ነህ ወንድሜ፣ ነበር። ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር በሚታይበት ዘመን ቦታዋን የሚሸፍነው ወንድ ነው። ቀሚሱ ብቻውን ምንም አይደለም። እኔ የምጠይቀው ሰዉ በምኗ ነው የሚስቀው የሚለውን ነው። ደግሞስ ጥቁር ሴት ራሷ ለምን አልተጫወተችውም?

ጥያቄ፦ ነገሩ ከየት መጣ?

ከ19ኛው ክፍለ ዘመን። ሚንስትሬል የሚባል ትርኢት ነበር። ነጭ ወንዶች በተቃጠለ ቡሽ ፊታቸውን አጥቁረው፣ ጥቁሮችን እያስመሰሉ ይዘፍናሉ፣ ይጨፍራሉ። ጥቁሯን ሴት የሚጫወተውም ያው ነጭ ወንድ ነው። ወይ የምትሽኮረመም ቆንጆ ትሆናለች፣ ወይ አስቀያሚ አሮጊት።

ከዚያ ሬዲዮ መጣ። ይሄን ታሪክ ብዙ ሰው አያውቀውም። ቢዩላ የምትባል ጥቁር የቤት ሠራተኛ ገጸ ባሕርይ ነበረች። የሚጫወታት ማርሊን ኸርት የሚባል ነጭ ወንድ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ለታዳሚው ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። ተራው ሲደርስ ድንገት ዞር ብሎ በቢዩላ ድምፅ ይናገራል። አዳራሹ በሳቅ ይናጋል። ቀልዱ ገና ሳይነገር! በ1945 ቢዩላ የራሷ ፕሮግራም ተከፈተላት። ኸርት በ1946 ሲሞት የተተካው ሌላ ነጭ ወንድ ነው። ሃቲ ማክዳንኤል የገባችው በ1947 ነው። ማክዳንኤል ማለት በ1940 ኦስካር የተሸለመች የመጀመሪያዋ ጥቁር ተዋናይ ናት። እሷን የመሰለች ተዋናይት እያለች የጥቁሯ ሴት ድምፅ ከነጭ ወንድ ጉሮሮ ይወጣ ነበር። ባሰብኩት ቁጥር ያንገበግበኛል።

ጥያቄ፦ ጥቁር ሴት ሆነው የተጫወቱት ኮሜዲያኖች ፍሊፕ ዊልሰን፣ ማርቲን ሎውረንስ፣ ኤዲ መርፊ ግን ራሳቸው ጥቁር ናቸው። ሰው በራሱ ወገን ላይ እንዴት ይቀልዳል?

ወገን ናቸው፣ ግን ሴት አይደሉም። ደግሞም ሁሉንም በአንድ ሚዛን አላስቀምጣቸውም። ከ1970 እስከ 1974 በኤንቢሲ ቴሌቪዥን የታየችው፣ ፍሊፕ ዊልሰን የተጫወታት ጄራልዲን በራሷ የምትተማመን፣ ማንንም የማትፈራ ሴት ነበረች። እሷን ሳይ ብዙም አይከፋኝም።

የሚከፋኝ ሌላው ነው። በ1990ዎቹ «ማርቲን» በሚባለው ተከታታይ ውስጥ ማርቲን የሚያፈቅራትን ጂናን የተጫወተችው ቲሻ ካምቤል ናት። ጯሂዋን ጎረቤቱን ሸኔኔን ግን ማርቲን ራሱ ተጫወተ። በ2007 በወጣው «ኖርቢት» ፊልም ደግሞ ኤዲ መርፊ የውሸት ውፍረት ለብሶ ባሏን የምታሰቃየውን ራስፑሺያን ሆነ። ቀጭኗን፣ ቀይዋን፣ የምትወደደዋን ኬትን የተጫወተችው ግን ሴት ተዋናይት ናት። አያችሁ? የምትፈቀረዋ ለሴት ትሰጣለች፣ የሚሳቅባት ለወንድ። ወፍራም፣ ጠቆር ያለች፣ ድምጿ ከፍ ያለ ሴት ሴት መሆኗ ራሱ ይካዳል። እኛም ሰፈር «ቀይ ናት» ሲባል «ቆንጆ ናት» ማለት የሚሆንበት ጊዜ ስላለ፣ ነገሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም።

ጥያቄ፦ ነጭ ሴትም ሆነው ይጫወታሉ እኮ። «ሚስስ ዳውትፋየር»ስ?

በ1993 ሮቢን ዊሊያምስ አሮጊት ነጭ ሞግዚት ሆኖ የተጫወተው ፊልም ነው፣ አዎ። በዚያው ዘመን ግን ነጭ ሴት በፊልም ሐኪምም፣ ጠበቃም፣ ሙሽራም ነበረች። አንዲት አስቂኝ ሞግዚት ያን ሁሉ አትጋርድም። ጥቁሯ ሴት ያን ያህል ብዙ መልክ አልተሰጣትም።

ጥያቄ፦ እናቴ ታይለር ፔሪ አሮጊት ሆኖ በሚጫወትበት የማዴአ ፊልም ሳቋን አትችልም። ልንገራት ወይስ ልተዋት?

ኧረ ተዪያት! ታይለር ፔሪ ማዴአን እናቱንና አክስቱን አስቦ እንደፈጠራት ተናግሯል። ትያትሩንም ሆነ ፊልሙን ተሻምተው ያዩለት ጥቁር ሴቶች ራሳቸው ናቸው። ማዴአ የተበደለችን ታስጠጋለች፣ ልጅ ትሰበስባለች። ከራስፑሺያ ጋር አንድ ናት አልልም። አንድ ነገር ግን ይቆረቁረኛል። ስትቆጣ ሁሌም ይሳቃል። ቁጣዋ ምክንያት ሲኖረውም ይሳቃል።

ጥያቄ፦ ጥቁሩ ኮሜዲያን ኬናን ቶምፕሰን «ከእንግዲህ ሴት አልሆንም» ያለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ በ2013። ኬናን የሚሠራበት የቴሌቪዥን የቀልድ ፕሮግራም «ሳተርዴይ ናይት ላይቭ» ያኔ አንድም ጥቁር ሴት ተዋናይ አልነበረችውም። ጥቁሯ ኮሜዲያን ማያ ሩዶልፍ በ2007 ከፕሮግራሙ ከወጣች በኋላ ቦታው ባዶ ነበር። ኬናን ግን «ለመቀጠር ለፈተና የሚመጡት ጥቁር ሴቶች ዝግጁ አይደሉም» የሚል መልእክት ያለው ነገር ስለጨመረ ብዙ ጥቁር ሴት ኮሜዲያን ተቆጡ። መቆጣታቸው ልክ ነበር። ግፊቱ በረታና በጥር 2014 ጥቁሯ ኮሜዲያን ሳሺየር ዛማታ ተቀጠረች። ወንዱ ዊጉን ሲያወልቅ ለሴቷ ሥራ ተገኘ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የ11 ዓመት ልጄን እዚህ አሜሪካ ትምህርት ቤት «እስቲ እንደ ጥቁር ሴት ተናገሪ» እያሉ አንገታቸውን እያወዛወዙ ይስቁባታል። ምን ልበላት?

እህቴ፣ ይሄን ሳነብ ሆዴ ተላወሰ። መጀመሪያ አስተማሪዋን አነጋግሪ፣ ዝም አትበይ። ልጅሽን ደግሞ አስቀምጠሽ ያ የማሾፊያ አንገት ማወዛወዝ በቀልድ እንዴት እንደተስፋፋ ንገሪያት። ወንዶችም ለማሳቂያ ሲያጋንኑት እንደኖሩ ትወቅ። ቤት ውስጥ ስትቆጣም «ጯሂ» አትበያት። «ምን አስቆጣሽ?» በያትና እስክትጨርስ ስሚያት።

ጥያቄ፦ ጥቁር ሴቶች ራሳቸው የሚያስቁበትን ከየት ልጀምር?

ከአዲሶቹ «ኤ ብላክ ሌዲ ስኬች ሾው»ን እዩ። ከ2019 እስከ 2023 በኤችቢኦ የታየ ነው፣ የሮቢን ቲዲ ሥራ። ከቀድሞዎቹ ግን ጥቁሯን ኮሜዲያን ሞምስ ማብሊን አስቀድሙ። የቤት ቀሚስና ያረጀ ኮፍያ አድርጋ፣ ሰው ሠራሽ ጥርሷን አውልቃ መድረክ ትወጣለች። ያቺን አሮጊት የፈጠረቻት ራሷ ናት። አሮጊቷ ደግሞ ሽማግሌ አልፈልግም፣ ጎረምሳ አምጡልኝ ትላለች። የሚሳቀው በሽማግሌዎቹ ነው።